ስሙን ስላልተናገረው የሞጣው ጣቢያ

ለክቡር የሁለትዮሽ ሬዲዮ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት፣ የጽሕፈት ቤትዎንም ሠራተኞች ደኅንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። አንደበትዎ ጤናማ እንዲሆን፣ ስምዎን በተጠየቁ ጊዜ ሁሉ ያለ ችግር መናገር እንዲችሉ ከልብ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ክፍል እገባለሁ፣ ደብተር አርማለሁ፣ ምግብም እበላለሁ።

አየሁሽ አካለ ወልድ እባላለሁ፤ ቢቸና ውስጥ የአማርኛ መምህርት ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ባየ አካለ ወልድ ደግሞ ሞጣ ውስጥ የፊዚክስ መምህር ነበር። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ እንዲወጣ የላክሁት ጽሕፈት ቤትዎ ለሁለታችን ያደረገልን ነገር ሰው ሳያውቀው እንዳይቀር ብዬ ነው እንጂ ቅሬታ ኖሮኝ አይደለም። ለተማሪዎቼ የማመልከቻ አጻጻፍ ሳስተምር፣ ቅሬታ የሚያቀርብ ሰው የሚፈልገውን መፍትሔ ለይቶ መጻፍ አለበት እላቸዋለሁ። እኔ ለይቼ የምጽፈው መፍትሔ ስለሌለኝ ይህን እንደ ምስጋና ይቁጠሩልኝ። በቁጥር የከፋፈልሁትም ከጽሕፈት ቤትዎ የደረሱን ደብዳቤዎች ሁሉ በቁጥር የተከፋፈሉ ስለሆኑ፣ ለማንበብ እንዲመችዎ አስቤ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ምዝገባው አመሰግናለሁ።

ባየ ከልጅነቱ ጀምሮ የተበላሸ ሬዲዮ ሲፈታና ሲገጥም ያደገ ሰው ነው። ሞጣ ተመድቦ በሄደ ጊዜ፣ አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲዘጋ በጨረታ ከተሸጡ ዕቃዎች መካከል የማይሠሩ የመነጋገሪያ ሬዲዮኖች ገዝቶ፣ የአንዱን ሆድ ዕቃ ለሌላው እየሰጠ ሁለት የሚሠሩ አወጣ። አንዱን ለራሱ አስቀረ፤ ሌላውን በአውቶቡስ ይዞልኝ ቢቸና መጣና ከጣሪያዬ ጫፍ እስከ ጓሮዬ ባሕር ዛፍ ድረስ ሽቦ ዘረጋልኝ። ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኝቶ፣ የመናገሪያውን ቁልፍ እንዴት እንደምጫንና መቼ እንደምለቅ አሳየኝና "እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ ክፈችው" ብሎኝ ተመለሰ። እሑድ ስከፍተው ከሬዲዮኑ ሹሹታ መሀል "እታለም፣ ትሰሚኛለሽ?" የሚል የወንድሜ ድምፅ ወጣ። ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥሁ።

ስልክ እያለላችሁ ይህ ምን ያደርግላችኋል ተብለን በቢሮዎ ስለተጠየቅን መልሱን እዚህ ላስገባው። ቴሌ ሄዶ፣ ተራ ይዞ መነጋገር ይቻል እንደነበር አውቃለሁ። ባየ ግን የቤተሰብ ወሬ ብቻ አልነበረም የሚፈልገው። ድምፁ ዛሬ ለምን ቀጠነ፣ ያለፈው እሑድ ለምን ጎላ፣ ጮቄ ተራራ ላይ ደመና ሲከማች ምን ይለወጣል፣ ሽቦው ትንሽ ከፍ ቢል እስከ የት ይደርሳል የሚለው ነበር ሐሳቡን የሚወስደው። አንድ ቀን በስሙ ተመዝግቦ፣ በአየር ላይ የሚታወቅበት የራሱ የጥሪ መለያ ተሰጥቶት፣ በሩቅ ሀገር ያለ የማያውቀውን ሰው "ይህ ሞጣ ነው" ሊለው ይመኝ ነበር። ከዚህ ሌላ ለራሱ የተመኘውን ነገር አላውቅም።

ስለዚህ ለትርፍ ጊዜ መዝናኛ የመነጋገሪያ ሬዲዮ የሚጠቀሙ ሁሉ ይመዝገቡ የሚለው ማስታወቂያዎ በ1995 ዓ.ም. ወረዳው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ እንደ ሠርግ ጥሪ ነው የተቀበልነው። ማንም አልጠቆመብንም፣ ማንም አልያዘንም። ሬዲዮኖቹን በጋቢ ጠቅልለን፣ ዓባይን ተሻግረን፣ በገዛ እግራችን ቢሮዎ ድረስ አመጣንልዎ። መስኮቱ ላይ የተቀበሉን አቶ ያየህ የሚባሉ ወጣት ባለሙያ ነበሩ።

"የፋብሪካው ስም?" አሉ አቶ ያየህ።

"ባየ" አለ ወንድሜ።

"ባየ የየት ሀገር ፋብሪካ ነው?"

"የሞጣ። እኔ ነኝ።"

አቶ ያየህ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። "አምራቹ ያልታወቀ" ብለው ጻፉ። ቀጥለው ሁለቱንም ሬዲዮኖች በክርና በቀይ ሰም አሸጉና፣ መሣሪያው ተመርምሮ ፈቃድ እስኪሰጠን እንዳንከፍታቸው አስፈርመው መለሱልን። እንግዲህ ሳንመዘገብ እንነጋገር የነበርን ሰዎች ከተመዘገብን በኋላ ዝም ብለን ወደ ቤታችን ገባን። ባየ ግን በአውቶቡሱ ውስጥ ደስ ብሎት ነበር። "አሁን በሕግ ታወቅን፣ እታለም" አለኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ምርመራው አመሰግናለሁ። የፋብሪካ ማረጋገጫ የሌለው መሣሪያ ለምርመራ እንደማይቀርብ፣ ማረጋገጫ ያለው መሣሪያ ደግሞ ፈቃድ በሌለው ሰው ስም ከውጭ እንደማይገባ፣ ፈቃድም የተመረመረ መሣሪያ ለሌለው ሰው እንደማይሰጥ ከጽሕፈት ቤትዎ ተረድተናል። እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች የሰበሰብኋቸው በተለያየ ጊዜ ከጻፉልን ሦስት ደብዳቤዎች ነው። በሰዋስው ረገድ አንዳቸውም ስሕተት የለባቸውም።

ባየ በዚህ ጊዜ ተስፋ አልቆረጠም። የታሸገውን ሬዲዮ የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ባለቤቱ ትህትና አቧራውን ስትጠርግ "ሰሙን እንዳትነኪው" ይላት ነበር። የሞጣ ልጆችን ስለ ሞገድ ሲያስተምር በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይሥላል እንጂ ሬዲዮኑን ክፍል ወስዶ አያሳይም። ልጆቹ ቤቱ መጥተው ክፈትልን ሲሉት፣ "ፈቃዳችን ሲመጣ ሁላችሁም ትናገራላችሁ" ይላቸዋል። እነዚያ ልጆች ጨርሰው ወጥተዋል።

ሦስተኛ፣ ስለ ፈተናው አመሰግናለሁ። ደንቡ ተሻሽሎ በእጅ የተሠራ መሣሪያም ሊመረመር ይችላል ሲባል፣ ተጠቃሚዎቹ አስቀድመን እንድንፈተን ታዘዝንና እንደገና አዲስ አበባ መጣን። ከጥያቄዎቹ ብዙዎቹ መርከብ በባሕር ላይ ሲሰጥም የሚሰማውን የድረሱልኝ ጥሪ ስለ መቀበል ነበሩ። ሁለታችንም አልፈናል። ዓባይ ላይ መርከብ ቢሰጥም፣ ከቢቸና ቀድሞ የሚሰማ እንደማይኖር በጽሕፈት ቤትዎ ስም ላረጋግጥልዎ እችላለሁ።

አራተኛ፣ ሬዲዮኖቹ በሚቆለፍ የብረት ሳጥን ውስጥ እንዲቀመጡ በታዘዘው መሠረት ሳጥኖቹን አሠርተናል። አመሰግናለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ ፈቃዱ አመሰግናለሁ።

አቶ ያየህ ሞጣና ቢቸና ድረስ መጥተው መሣሪያዎቹን መርምረው "እንከን የላቸውም" ብለው፣ መልሰው አሽገዋቸው ከሄዱ በኋላ መልስ ስንጠብቅ፣ ባየ ክፍል ውስጥ እያስተማረ ሳለ ጠመኔው ከእጁ ወደቀ። ሊያነሣ ጎንበስ ሲል እሱም ወደቀ። ተማሪዎቹ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሱት። የደም ግፊቱ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ነው ተባለ። ትህትና ቴሌ ሄዳ ትምህርት ቤት ደወለችልኝ፤ በማግሥቱ ሞጣ ገባሁ። ቀኝ ጎኑ ሙሉ በሙሉ አይንቀሳቀስም። አእምሮው ደኅና ነው፣ የሚሉትን ሁሉ ይሰማል፣ ያውቃል፤ ንግግሩ ግን ሄዷል። "ባየ" አልሁት። አየኝ። አፉን ከፈተና ምንም ሳይወጣው ዘጋው። ባሕር ዳር ወስደን አሳየነው፤ ሐኪሙ ከዚህ በኋላ ብዙ አትጠብቁ አሉን።

ሁለቱ ፈቃዶች በፖስታ የደረሱን ከዚህ በኋላ ነው። የወንድሜን ወስጄ ከዓይኑ ፊት ያዝሁለት። የጥሪ መለያው ሦስት ፊደልና አንድ ቁጥር ነው። በግራ እጁ ፊደሎቹን ነካ ነካ አደረጋቸው። የሬዲዮኑን ሰም የፈታው ራሱ ነው፤ በግራ እጁ ስለሆነ ጊዜ ወሰደበት።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በቁጥር ለማስቀመጥ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ወደ ቢቸና ከተመለስሁ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ሬዲዮኔን ከፈትሁ። መለያዬን እንደ ደንቡ ተናገርሁና "ባየ፣ ትሰማኛለህ?" አልሁ። መልስ እንደማይመጣ አውቅ ነበር፤ ቢያንስ እሱ ይስማኝ ብዬ ነው። ቁልፉን ስለቅ ሹሹታው ተመለሰ። ከዚያ በድንገት ቀጥ አለ።

ክቡርነትዎ ከወረቀቱ ባሻገር ሬዲዮ ሰምተው እንደሆነ ስለማላውቅ ላስረዳዎ። አንድ ሰው ከወዲያ ማዶ የመናገሪያውን ቁልፍ ሲጫን፣ ምንም ባይናገርም ሹሹታው ይቆምና ያለበት ክፍል ይሰማል። የትህትና ጫማ ሲራመድ ሰማሁ። ደጅ ዶሮ ሰማሁ። ወደ ማይክሮፎኑ የተጠጋ ትንፋሽ ሰማሁ። ከዚያ ቁልፉ ተለቀቀ።

"ባየ፣ አንተ ነህ?" አልሁ።

አንድ ጊዜ ተጫነ።

በዚያው ቀን ተስማማን። አንድ ጊዜ ሲጫን እሺ ወይም አዎ፣ ሁለት ጊዜ ሲጫን እምቢ ወይም አይደለም። በየእሑዱ እንዲህ እየተነጋገርን ከረምን። እኔ የቢቸናን ወሬ እነግረዋለሁ፣ ማን እንደተዛወረ፣ የማን ልጅ እንዳለፈ፣ የአባታችን ቤት ጣሪያ እንደሚያፈስ። ድምፄ ዛሬ ጎላ ወይ እለዋለሁ፤ ይመልስልኛል። አንድ እሑድ "ትፈራለህ?" አልሁት። አንድ ጊዜ ተጫነ። "ልምጣ?" አልሁት። ሁለት ጊዜ ተጫነ። ሳምንቱን ሙሉ ያስተማርሁትን አላስታውስም።

ታዲያ አንቴና የተተከለባት የቁጥጥር መኪናዎ በጎጃም መንገድ ስታልፍ ይህን ሁሉ መዝግባ ኖሮ፣ ማስጠንቀቂያዎ ደረሰን። የሞጣው ጣቢያ ሦስት ጥፋቶች ተገኝተውበታል። የመጀመሪያው ባለ ፈቃዱ የጥሪ መለያውን በድምፁ ሳይናገር ማሰራጨቱ ነው። ሁለተኛው ሁለቱ ጣቢያዎች ለጽሕፈት ቤቱ ባልታወቀ የምስጢር ኮድ መነጋገራቸው ነው። ሦስተኛው ፈቃድ የሌላት አንዲት ሴት በጣቢያው መናገሯ ነው።

ሁለተኛውን በሚመለከት የምስጢሩን ቁልፍ ከላይ ገልጬልዎታለሁ፤ አንድና ሁለት ናቸው፣ ሌላ የለም። ሦስተኛው እውነት ነው። ትህትና መለያውን የሚናገርለት ሰው ቢኖር ደንቡ የተከበረ መስሏት፣ "ይህ የባየ ጣቢያ ነው፣ እሱ አጠገቤ አለ" ብላ አንድ ጊዜ ተናግራለች። የሐኪም ማስረጃ አያይዘን ጻፍንልዎ። መልስዎ ደንቡ ውስጥ መናገር ስለማይችል ባለ ፈቃድ የተጻፈ ነገር ባለመኖሩ ማስረጃው ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም የሚል ነበር፤ በንባብ ረገድ ግልጽ ደብዳቤ ነው። ባለ ፈቃዱ መለያውን በራሱ ድምፅ ተናግሮ ካላስቀረጸ ሁለቱም ጣቢያዎች ይዘጋሉ ይላል።

ድምፁን ሊቀርጹ የመጡት አቶ ያየህ ናቸው። ትንሽ ቴፕ ይዘው ነበር። በመጡበት ቀን እኔም ሞጣ ነበርሁ። ከአልጋው አጠገብ በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

"ጋሼ ባየ፣ እንዴት ነዎት?" አሉት። ባየ በግራ እጁ ጨበጣቸው።

"መለያዎን አንድ ጊዜ ብቻ ይበሉልኝ። ባይጠራም ግድ የለም። እንደምንም ይበሉት፣ የቀረውን እኔ አስረዳለሁ።"

ቴፑን ከፈቱ። ባየ ትንፋሹን ሰበሰበ። አንገቱ ላይ ሥሮቹ ተነሡ። "እ" የሚል፣ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ የሚሰበር ድምፅ ወጣው። አቶ ያየህ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ።

"ትንሽ ቀርቶታል። አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ።"

ደገመው። ያው ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ሊሞክር አፉን ሲከፍት ግንባሩ በላብ ርሶ ነበር። ትህትና ከበሩ ላይ ሆና "ይበቃዋል፣ ወንድሜ። ሬዲዮኑን ውሰደው" አለች።

አቶ ያየህ ቴፑን ዘጉ። ወደ ደጅ ወጡ። ተከተልኋቸው።

"ሰምቻለሁ ብለህ ብትጽፍ ምን ይሆናል?" አልኋቸው፤ አንተ ማለቴን ያወቅሁት በኋላ ነው።

"ካሴቱን ያዳምጡታል፣ መምህርት። ከሰሙ በኋላ እኔ ሥራ የለኝም።"

እውነታቸውን ነው። ልጆች አሏቸው። ከዚያ ተመልሰው ገቡና ሽቦውን ራሳቸው ፈተው፣ እንዳይታጠፍ ተጠንቅቀው ጠቀለሉት። ሬዲዮኑን ከነብረት ሳጥኑ ወሰዱ። የእኔን በማግሥቱ ከቢቸና ወሰዱ። ባየ ሲወስዱበት ጠረጴዛውን አላየም፤ ወደ ግድግዳው ዞረ።

አሁን አውቶቡስ ባገኘሁና ትምህርት በሌለ ጊዜ ሞጣ እሄዳለሁ። አጠገቡ ተቀምጬ እጄን እሰጠዋለሁ፤ በግራ አውራ ጣቱ መዳፌን እየተጫነ ይመልስልኛል። በሌላው ጊዜ ቢቸና ነኝ፣ እሱም ሞጣ ነው፣ እሑድም ይመጣል። አቶ ያየህን አልወቅስም፤ እርስዎንም አልወቅስም። ያለቀስሁ ይመስልዎት ይሆናል፤ አላለቀስሁም። ባለቅስ የሚሻለኝ ይመስለኛል።

መፍትሔ አልጠይቅም ብዬ ጀምሬ ነበር፤ አንድ ነገር ግን ልለምንዎ። ያ ካሴት በመዝገብ ቤትዎ ይገኛል። ወንድሜ ደኅና ሳለ ድምፁን ማንም አልቀረጸውም፤ ሁለታችንም ሬዲዮ የነበረን ሰዎች ሆነን አንድ ቀን እንኳ አላሰብነውም። በሀገሩ ያለው የባየ አካለ ወልድ ድምፅ እርስዎ ዘንድ ያለው ብቻ ነው። መዝገቡ ተዘግቶ የማያስፈልግ ወረቀት ሲወገድ ካሴቱን አብረው እንዳይጥሉት፣ ሌላም ነገር እንዳይቀዱበት በትልቅ አክብሮት እለምናለሁ። ባዶ ካሴት ቢያጥርዎ እኔ ገዝቼ እልካለሁ።

ደንቡን ሳያጎድሉ ለፈጸሙልን ሁሉ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሥራዎ የተቃና፣ ማኅተምዎ ቀለም የማያጣ፣ ጠሪዎ ሁሉ ስሙን አጥርቶ የሚናገር እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ፈቃዴ ከተሰረዘበት ቀን ጀምሮ ዝም ያልሁ፣

አክባሪዎ
አየሁሽ አካለ ወልድ
የቀድሞዋ የቢቸና ጣቢያ ባለ ፈቃድ
ቢቸና፣ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም.

የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለባየ ሙሉውን አንብቤለታለሁ። የሚለወጥ ነገር አለ ወይ አልሁት፤ መዳፌን ሁለት ጊዜ ተጫነ። ግርጌው ላይ በአንተም ስም ሰላምታ ላቅርብላቸው ወይ አልሁት። አሁንም ሁለት ጊዜ ተጫነ።